በሽንት ቱቦ ውስጥ ስቴንት ለተደረገላቸው ሕሙማን፦ ስለ ቤት ቆይታ፣ ስለ ማገገምና ስለ ማውጫው ቀን

ይህ መረጃ የተዘጋጀው ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው የሽንት ቱቦ ውስጥ ስቴንት ተደርጎላቸው ከሆስፒታል ለወጡ ሕሙማን፣ ለቤተሰቦቻቸውና ለአስታማሚዎቻቸው ነው። ሕሙማን ከሆስፒታል ሲወጡ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይነገራቸዋል። ሰመመኑ በቅጡ ሳይለቅ፣ ሕመሙም ሳይበርድ የተነገረ ምክር ደግሞ ሁሉም አይታወስም። ስለዚህ በተረጋጋ ሁኔታ ደግመው ሊያነቡት የሚችሉት ጽሑፍ ማቅረብ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ጉዳይ አለ። ስቴንቱ ጊዜያዊ መሣሪያ ነው። በሰውነት ውስጥ አይሟሟም፤ ከሽንት ጋርም በራሱ ጊዜ አይወጣም። በሐኪም መውጣት ወይም በአዲስ መተካት አለበት። ይህ ቀን ካለፈ፣ ኩላሊትን ለማዳን የገባው መሣሪያ ኩላሊትን ሊያሳጣ ይችላል።

ስቴንት ምን ዓይነት መሣሪያ ነው

እያንዳንዱ ኩላሊት ያጣራውን ሽንት ወደ ፊኛ የሚያወርድ ጠባብ ቱቦ አለው። የዚህ ቱቦ ርዝመት በአዋቂ ሰው ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ የውስጡ ስፋት ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በመሆኑም ትንሽ ጠጠር፣ እብጠት ወይም ከውጭ የሚጫን ዕጢ በቀላሉ ሊዘጋው ይችላል። ቱቦው ሲዘጋ ሽንት ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊትን ያሳብጣል። ይህ ሁኔታ ለሳምንታት ከቀጠለ ኩላሊቱ ሥራውን ቀስ በቀስ ያቆማል፤ ኢንፌክሽን ከተጨመረበት ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ለሕይወት አስጊ ይሆናል።

ስቴንት በዚህ ቱቦ ውስጥ የሚገባ፣ ከለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራና በጎኖቹ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች ያሉት ቀጭን ቱቦ ነው። ሁለቱም ጫፎቹ የተጠቀለሉ ናቸው። የላይኛው ጥቅል በኩላሊት ውስጥ፣ የታችኛው በፊኛ ውስጥ ስለሚያርፍ መሣሪያው ከቦታው አይንሸራተትም። ይህ ቅርጽ በሕክምናው ዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ጫፎቹ የላቲኑን «ጄ» ፊደል ስለሚመስሉ ሐኪሞች «ደብል ጄ» ወይም በአጭሩ «ዲጄ ስቴንት» ይሉታል። በሕክምና ወረቀትዎ ላይ ይህ ስያሜ ተጽፎ ካዩ የሚያመለክተው ይህንኑ መሣሪያ ነው።

በርካታ ሕሙማን ስቴንት የሚደረግላቸው በኩላሊት ጠጠር ምክንያት ነው። ጠጠሩ ከመውጣቱ በፊት ሽንት እንዲፈስ ለማድረግ፣ ወይም ጠጠሩ ከተሰባበረና ከወጣ በኋላ ያበጠው ቱቦ እስኪያገግም ለመደገፍ ያገለግላል። ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። የማሕፀን በር ካንሰር ቱቦውን ከውጭ ሲጫነው፣ በማሕፀን ወይም በአንጀት ቀዶ ሕክምና ወቅት ቱቦው ጉዳት ሲደርስበት፣ በእርግዝና ወቅት ጠጠር ሲያስቸግር፣ እንዲሁም ኩላሊት ሲተከል ስቴንት ሊደረግ ይችላል። በአገራችን በአዋሽ መካከለኛና ታችኛው ተፋሰስ እንዲሁም በዋቢ ሸበሌ ሸለቆ የሚታወቀው የሽንት ቧንቧ ብልሃርዝያ ለረጅም ጊዜ ሳይታከም ሲቆይ ቱቦውን ሊያጠብበው ስለሚችል፣ በዚህም ምክንያት ስቴንት የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን አሉ።

አንድ የተለመደ ስሕተት እዚህ ላይ ማረም ተገቢ ነው። «ስቴንት» የሚለው ቃል በልብ ሕክምናም ይነገራል። በልብ የደም ሥር ውስጥ የሚገባው ስቴንት ዕድሜ ልክ በዚያው ይቀመጣል። በዚህ ምክንያት ዘመድ ወይም ጎረቤት «የእኔም አለ፤ ዓመታት አልፈውታል፤ ምንም አላደረገኝም» ሊልዎ ይችላል። ሁለቱ መሣሪያዎች በስም ይመሳሰላሉ እንጂ በአሠራርም በአገልግሎት ዘመንም አይገናኙም።

በቤት ውስጥ ሊሰማዎት የሚችለው

ስቴንት ከተደረገላቸው 10 ሰዎች መካከል እስከ 8 የሚሆኑት የሚያስቸግር ስሜት ይኖራቸዋል። ይህም ሕክምናው ተሳስቷል ማለት አይደለም። የታችኛው ጥቅል የፊኛን ግድግዳ ስለሚነካ ፊኛው ሳይሞላ የሞላ ያህል ይሰማል፤ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ አንዳንዴም እስከ መጸዳጃ ቤት ለመድረስ ጊዜ አይሰጥም። ሌሊት ደጋግሞ መነሣት የተለመደ ነው። ሽንት ሸንተው ሲጨርሱ ከብልት ጫፍ ወይም ከእምብርት በታች የሚሰማ የማቃጠል ወይም የመቆንጠጥ ስሜት ሊኖር ይችላል።

ሕሙማንን በብዛት የሚያስደነግጠው ግን ሽንት በሚሸኑበት ቅጽበት በሽንጥና በጎን ላይ የሚሰማው ሕመም ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በተፈጥሮ ከፊኛ ወደ ኩላሊት ሽንት እንዳይመለስ የሚከለክል መዝጊያ አለ። ስቴንቱ ይህን መዝጊያ ከፍቶ ስለሚይዘው፣ ፊኛ ሽንትን ለማስወጣት ሲጨመቅ የተወሰነው ወደ ላይ ይመለሳል። ሕመሙ ሽንት ከተሸና በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ የሚበርድ ከሆነ የስቴንቱ ጠባይ ነው። ፊኛ ከመጠን በላይ እስኪሞላ አለመጠበቅና ሲሸኑ አለማማጥ ይህን ሕመም ይቀንሰዋል።

ሽንት ወደ ሮዝ ወይም ወደ ቀይ ማድላቱም የሚጠበቅ ነው። አንድ ቀን ጠርቶ በማግሥቱ፣ በተለይ ብዙ ከተጓዙ ወይም ሸክም ከተሸከሙ በኋላ፣ እንደገና ሊቀላ ይችላል። ጥቂት የደም ጠብታ ብዙ ውሃን እንደሚያቀላ ማስታወስ ከድንጋጤ ይጠብቃል። ዕረፍት ሲያደርጉና ውሃ ሲጠጡ መልኩ እየሳሳ ከመጣ የሚያሳስብ አይደለም።

እነዚህ ስሜቶች በአብዛኛው ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ እየቀነሱ ይሄዳሉ። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግን ስቴንቱ እስኪወጣ ድረስ ይቆያሉ። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ «ሁሉም ሰው ይችለዋል» ተብሎ ዝም እንዲል ሊደረግ አይገባም፤ የሚያቃልሉ መድኃኒቶች አሉ።

መድኃኒትን በተመለከተ

ፓራሲታሞል አብዛኛውን ጊዜ ለሕመሙ ቀዳሚ ምርጫ ነው። ሐኪም የቱቦውንና የፊኛን ጡንቻ የሚያላላውን ታምሱሎሲን ሊያዝ ይችላል፤ ይህ መድኃኒት ከመቀመጫ ሲነሡ ሊያዞር ስለሚችል ቀስ ብሎ መነሣት ያስፈልጋል። የሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት ለሚያስቸግራቸው የፊኛን መኮማተር የሚቀንሱ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፤ እነዚህ አፍን የሚያደርቁና ሆድ የሚያደርቁ በመሆናቸው፣ በተለይ ፕሮስቴታቸው ላበጠ አረጋውያን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከመድኃኒት ቤት በቀላሉ የሚገኙ ማስታገሻዎች ናቸው። ሆኖም ኩላሊቱ ተዘግቶ የቆየ ሰው የኩላሊት አቅሙ ቀንሶ ሊሆን ስለሚችል፣ እነዚህ መድኃኒቶች ተጨማሪ ጉዳት ያደርሳሉ። ሐኪምዎ የኩላሊት ምርመራዎን አይቶ ካልፈቀደ በቀር አይጠቀሙባቸው።

ስለ አንቲባዮቲክ ትንሽ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ስቴንት ያለበት ሰው ሽንት በላቦራቶሪ ሲመረመር ቀይም ነጭም የደም ሕዋስ መታየቱ የተለመደ ነው፤ መሣሪያው የቱቦውንና የፊኛውን ግድግዳ ስለሚያሻሽ የሚመጣ ነው። ሕመምተኛው ግን ስቴንት እንዳለበት ሳይናገር በአቅራቢያው ወዳለ ክሊኒክ ሄዶ «ያቃጥለኛል» ሲል፣ ውጤቱ እንደ ተራ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተቆጥሮ አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል። ማቃጠሉ አይተወውም፤ ሌላ አንቲባዮቲክ ይጨመርለታል። በዚህ መንገድ ወራት ያልፋሉ፤ መውጣት የነበረበት መሣሪያም በቦታው ይቆያል። ስለዚህ ወደ ማንኛውም የጤና ተቋም ሲሄዱ፣ ለሌላ ሕመምም ቢሆን፣ የመጀመሪያው ንግግርዎ «ስቴንት አለብኝ» የሚል ይሁን። ኢንፌክሽን ከተጠረጠረ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚለየው የሽንት ካልቸር ምርመራ ነው።

ውሃ፣ ምግብና ጾም

ፈሳሽ እንዲገድቡ የታዘዙ የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለባቸው ሰዎች የሐኪማቸውን መመሪያ ይከተሉ። ሌሎች በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ፈሳሽ እንዲወስዱ ይመከራል፤ በቆላማ አካባቢ የሚኖሩና በፀሐይ ላይ የሚሠሩ ከዚህም በላይ ያስፈልጋቸዋል። መለኪያ ከሌለዎት የሽንትዎን መልክ ይመልከቱ። የሳሳ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው፤ እየጠቆረ ከሄደ ውሃ ይጨምሩ። የገብስ ውሃ የሚወዱ መጠጣታቸው ክፉ አይደለም፤ እንደማንኛውም ፈሳሽ ይቆጠራል። ስቴንት የሚያሟሟ ወይም የሚያወጣ መጠጥ፣ ቅጠል ወይም ሥር ግን የለም።

ቡና ፊኛን ያነሣሣል። አቦሉን ጠጥተው ቶናና በረካውን ቢያልፉ፣ በተለይም ማታ፣ እንቅልፍዎ የተሻለ ይሆናል። ለስላሳ መጠጦች፣ አልኮልና በሚጥሚጣ የጠነከረ ምግብ አንዳንድ ሰዎችን ያስቸግራሉ። የሚያስቸግርዎትን ራስዎ ለይተው ይቀንሱ እንጂ ሁሉንም መተው አይጠበቅብዎትም። የሆድ ድርቀት የፊኛን ስሜት ስለሚያባብስ አትክልትና ፍራፍሬ ማዘውተር ይጠቅማል።

ከንጋት እስከ ከሰዓት በኋላ፣ በረመዳን ደግሞ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ከውሃም ጭምር የሚጾሙ ሕሙማን ጥያቄ ያቀርባሉ። ስቴንት ባለበት ሰውነት ውስጥ ሽንት ለረጅም ሰዓት ሲወፍር ጨውና ማዕድኑ በመሣሪያው ላይ የመለጠፍ ዕድሉ ይጨምራል፤ የኢንፌክሽን ሥጋትም ከፍ ይላል። ስቴንት በአብዛኛው የሚቆየው ለሳምንታት ብቻ በመሆኑ፣ ከሐኪምዎና ከንስሓ አባትዎ ወይም ከመስጊድዎ ኢማም ጋር መነጋገሩ ይመከራል። በሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው የተሰጠ ቦታ አለ።

ሥራ፣ ጉዞና የትዳር ሕይወት

ስቴንት አልጋ ላይ አያውልም። የቢሮ ሥራ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። መራመድ፣ ደረጃ መውጣትና የቤት ሥራ መሥራት መሣሪያውን ከቦታው አያናውጠውም። እርሻ የሚያርሱ፣ ጀሪካን ውሃ ወይም እንጨት በጀርባቸው የሚሸከሙ፣ ወይም በግንባታ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ግን ሕመሙና የሽንቱ መቅላት ሊጨምርባቸው ይችላል። በእንዲህ ያለ ቀን ሥራውን ቀለል አድርጎ ውሃ መጨመር ይበቃል። ሥራዎ ከባድ ከሆነ የሕመም ፈቃድ ወረቀት ከሆስፒታል ሳይወጡ ይጠይቁ፤ በኋላ ለዚሁ ወረቀት ብቻ መመለስ አላስፈላጊ ወጪና ድካም ነው።

ከሪፈራል ሆስፒታል ወደ መኖሪያ ቀዬ በአውቶቡስ የሚመለሱ ሕሙማን ረጅሙን መንገድ ይፈሩታል፤ ፍርሃታቸውም መሠረት አለው። ሽንት እንዳይመጣባቸው ሲሉ ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉ ብዙ ናቸው። ከዚህ ይልቅ ለሾፌሩ ወይም ለረዳቱ ከመነሣትዎ በፊት ሁኔታዎን ነግረው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ እንዲቆምልዎ መጠየቅ ይሻላል። በመተላለፊያው በኩል መቀመጥ፣ ንጽሕና መጠበቂያ መያዝና ሊታጠብ የሚችል ጨርቅ ማዘጋጀት ሊያሳፍር አይገባም።

የግብረ ሥጋ ግንኙነት በስቴንት ምክንያት የተከለከለ አይደለም፤ ምቾት የሚሰጥ ሆኖ ሲገኝ መቀጠል ይቻላል። ከዚህ የተለየው ስቴንቱ በሽንት መውጫ በኩል ወደ ውጭ የወጣ ቀጭን ክር ያለው እንደሆነ ነው። ይህ ክር ከጥቂት ቀናት በኋላ ስቴንቱን ለመሳብ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ክር ካለዎት እስኪወጣ ድረስ ግንኙነት አያድርጉ፤ ሲታጠቡና ሲደርቁ እንዳይስቡት ይጠንቀቁ። ክር እንዳለዎትና እንደሌለዎት ከሆስፒታል ሳይወጡ መጠየቅ ተገቢ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ልሆን እችላለሁ ብለው ካሰቡ ለሐኪም ይንገሩ፤ በእርግዝና ወቅት ስቴንት ቶሎ በጠጠር የሚሸፈን በመሆኑ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ መለወጥ ሊያስፈልገው ይችላል።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች

ሙቀትዎ 38 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ቴርሞሜትር ባይኖርም ብርድ ብርድ እያለ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ከያዘዎ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ስቴንት ባለበት ሰው ላይ ትኩሳት ማለት መሣሪያው ተዘግቶ የተበከለ ሽንት በኩላሊት ውስጥ ታግዷል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ በቤት ውስጥ በክኒን የሚታከም አይደለም፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ከገባ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል።

በተመሳሳይ ሁኔታ ሽንት ሙሉ በሙሉ እምቢ ካለ፣ ሽንቱ እንደ ንጹሕ ደም ከወፈረ ወይም የረጋ ደም ከወጣ፣ በማስታገሻ የማይበርድ የማያቋርጥ የሽንጥ ሕመም ከተሰማዎት፣ ሽንት ሳይቆጣጠሩት ቀንና ሌሊት የሚፈስ ከሆነ፣ ወይም ስቴንቱ በከፊል ወጥቶ ከታየ ሳይዘገዩ ይታዩ። የወጣውን ጫፍ መልሶ ለማስገባት ወይም ቆርጦ ለመጣል አይሞክሩ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን የአምቡላንስ አገልግሎት በ907 መጥራት ይቻላል።

የማውጫው ቀን

ስቴንት የሚቆይበት ጊዜ እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ጠጠር ከወጣ በኋላ የገባ ስቴንት ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ይቆያል። ኩላሊት ለተተከለለት ሰው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ይወጣል። በካንሰር ወይም በማይለቅ ጥበት ምክንያት ለረጅም ጊዜ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ በየ3 ወሩ ወይም እንደ መሣሪያው ዓይነትና እንደ ሐኪሙ ውሳኔ በየ6 ወሩ ይለወጥለታል።

ከዚህ ጊዜ በላይ ሲቆይ የሚከተለው ችግር በዝምታ የሚመጣ ነው። በሽንት ውስጥ ያለው ማዕድን በፕላስቲኩ ላይ እየተለጠፈ ይደነድናል። የጠጠር ሕሙማንን በተከታተለና እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ ጥናት፣ ከ6 ሳምንት በፊት ከወጡት ስቴንቶች መካከል በጠጠር ቅርፊት ተሸፍነው የተገኙት 9 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ከ6 እስከ 12 ሳምንት በቆዩት ላይ ቁጥሩ ወደ 48 በመቶ፣ ከ12 ሳምንት በላይ በቆዩት ላይ ደግሞ ወደ 76 በመቶ ከፍ ብሏል። የተሸፈነ ስቴንት በቀላሉ አይሳብም። ፕላስቲኩ ሲያረጅ ስለሚሰባበርም ቁርጥራጩ በውስጥ ሊቀር ይችላል። በጥቂት ደቂቃዎች ሊያልቅ የነበረው ሥራ ጠጠር መስበርን፣ በጎን በኩል ኩላሊትን መብሳትን፣ አንዳንዴም ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምናን የሚጠይቅ ይሆናል። ኩላሊቱ ሥራ ማቆሙ እስኪታወቅ ድረስ ምንም ሕመም ያልተሰማቸው ሰዎች አሉ። ስለዚህ «አላመመኝም» ማለት ስቴንቱ ደኅና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ቀጠሮ የሚያልፈው ሁልጊዜ በቸልተኝነት አይደለም። ለምሳሌ በመኸር ወቅት ቀጠሮው የደረሰ ገበሬ እናስብ። ጠጠሩ ወጥቷል፤ ሕመሙ ለቆታል፤ ሰብሉ ግን ሜዳ ላይ ነው። ለመጓጓዣና ለማደሪያ የሚያወጣውን ሲያሰላ «ከአጨዳ በኋላ እሄዳለሁ» ይላል። ከአጨዳ በኋላ ሠርግ ይመጣል፤ ከሠርጉ በኋላ ደግሞ ቀጠሮው አልፎበት መሄዱ ያሳፍረዋል። ቀጠሮ ያለፈበት ሰው ሊወቀስ ሳይሆን ሊታከም እንደሚገባ መታወቅ አለበት። አንድ ወር ያለፈበት ከሁለት ወር፣ አንድ ዓመት ያለፈበትም ከሁለት ዓመት ቢቀድም ይጠቀማል። በዓመታት ያለፈዎት ቢሆን እንኳ ይሂዱ፤ ራስዎ ለመሳብ ወይም በአካባቢ ለማስወጣት ግን አይሞክሩ።

ሌላው ምክንያት የቀን አቆጣጠር ነው፤ ይህን ጉዳይ ቀላል አድርጎ ማለፍ አይገባም። አንዳንድ የሕክምና ወረቀቶች በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሌሎቹ በእኛ አቆጣጠር ይጻፋሉ። በወረቀቱ ላይ «5/6» ብቻ የተጻፈ እንደሆነ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 5 ቀን ማለት ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ግን ግንቦት 28 ቀን ይሆናል። ልዩነቱ ወደ አራት ወር የሚጠጋ ነው፤ ለስቴንት ደግሞ አራት ወር ብዙ ነው። የወሩ ስም በፊደል እንዲጻፍልዎ፣ ሰዓቱም ከጠዋት ወይስ ከሰዓት በኋላ እንደሆነ እንዲገለጽልዎ ይጠይቁ። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ቀኑን በሚያውቁት በዓል ያስሩት፤ «ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት» ወይም «ከዒድ በፊት» የሚል ማስታወሻ በቤተሰቡ ሁሉ ዘንድ ይታወሳል።

ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት ስቴንቱ በየትኛው ጎን እንደገባ፣ አንድ ወይም ሁለት እንደሆነ፣ መቼ እንደገባ፣ እስከ መቼ መውጣት እንዳለበትና የት እንደሚወጣ በጽሑፍ ይቀበሉ። በሁለቱም ኩላሊት ላይ ስቴንት የገባለት ሰው ሁለቱም መውጣታቸውን ማረጋገጥ አለበት። ይህን መረጃ ማግኘት መብትዎ ነው፤ ጠይቀው መረዳትዎ ባለሙያውን መዳፈር አይደለም። ወረቀቱን በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ለልጅዎ፣ ለባለቤትዎ ወይም ለጎረቤትዎም ይንገሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤትዎ ስትመጣ ለእርስዋም ቢነግሯት ቀኑን የሚያስታውስ አንድ ሰው ይጨመራል። ሆስፒታሉ ደውሎ እስኪጠራዎ ግን አይጠብቁ፤ የስልክ ቁጥር ይቀየራል፣ ካርድም ይጠፋል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ለማውጫው ቀጠሮ ሲሄዱ የአባልነት መታወቂያቸው መታደሱንና የሪፈር ወረቀት የሚያስፈልግ መሆኑን ከጤና ጣቢያቸው ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ቢያረጋግጡ ከመስኮት ወደ መስኮት ከመንከራተት ይድናሉ። የተቀጠሩበት ሆስፒታል መሣሪያው ተበላሽቶ ወይም ወረፋው በዝቶ ቀኑን ካራዘመ፣ አዲሱን ቀን በጽሑፍ ሳይቀበሉ አይመለሱ። የጊዜው ገደብ የሚያልፍ ከሆነም አገልግሎቱ ወደሚገኝበት ሌላ ሆስፒታል እንዲላኩ ይጠይቁ።

በውጭ አገር ስቴንት ተደርጎላቸው ለተመለሱ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሙቀትና በውሃ እጥረት ሲሠሩ ቆይተው ጠጠር የሚይዛቸው ወገኖች አሉ። በድንገት ታመው በዚያው ስቴንት ከተደረገላቸው በኋላ፣ ውሉ አልቆ ወይም በድንገት ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ስለ ማውጫው የነገራቸው ሰው በቋንቋቸው ያልነገራቸው ሊሆን ይችላል። በእጃቸው ያለው ወረቀት በዐረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። በውጭ አገር በኩላሊት ወይም በጠጠር ምክንያት ተኝተው የታከሙ ከሆነና በውስጥዎ የቀረ ነገር መኖሩን በእርግጥ የማያውቁ ከሆነ፣ ወረቀትዎን ይዘው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ስቴንት በራጅ ላይ በግልጽ ስለሚታይ በአንድ የሆድ ራጅ መለየት ይቻላል።

ስቴንቱ ሲወጣ

ክር ያለው ስቴንት በክሩ ተስቦ ይወጣል። ክር የሌለው በሽንት መውጫ በኩል በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ ተይዞ ይሳባል። ብዙውን ጊዜ የሚያደነዝዝ ቅባት ብቻ ይበቃል፤ ሥራውም ጥቂት ደቂቃዎች ይወስዳል። ለሕፃናትና እንደ ሆስፒታሉ መሣሪያ ለአንዳንድ አዋቂዎች ሰመመን ሊሰጥ ስለሚችል፣ ባዶ ሆድ መምጣት ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከቀጠሮው ቀደም ብለው ያሳውቁ እንጂ በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ። ትኩሳት ካለዎትም ከመጀመራቸው በፊት ይናገሩ።

ከወጣ በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሽንት ሊያቃጥልና ጥቂት ሊቀላ ይችላል። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ቱቦው ለጊዜው ስለሚያብጥ በዚያው ቀን የሽንጥ ሕመም ይነሣል፤ በማስታገሻና በውሃ በሰዓታት ውስጥ የሚበርድ ነው። ካልበረደ ወይም ትኩሳት ከተጨመረ ቀደም ሲል የተጠቀሱት ምልክቶች እዚህም ይሠራሉ። ሐኪሙ ከሳምንታት በኋላ አልትራሳውንድ እንዲነሡ ካዘዘ፣ ሕመም ባይኖርም ይነሡ፤ ቱቦው ያለ ስቴንት ሽንት ማሳለፉ የሚረጋገጠው በዚህ ምርመራ ነው። ስቴንቱ የወጣበት ቀንና የወጣው ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ከቀድሞው ወረቀት ጋር አያይዘው ያስቀምጡ።